የነበልባሉ ለቅሶ

ፈቃደ እሁድ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ የአክስቱ አልጋ በር ላይ ደርሷል። ሁለት ሰዎች አንዱ በራስጌ አንዱ በግርጌ ይዘውት፣ ጠባቡ በር አላሳልፍ ብሏቸው በጎኑ ያጋድሉታል፤ ሦስተኛው ከውጭ ሆኖ "ቀስ በሉ፣ ልጁን እንዳትቀሰቅሱት" እያለ ያንሾካሹካል። ልጁ የተባለው እሱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ልደታ ውስጥ አልጋ ከቤት የሚወጣው ወይ ቤት ሲለቀቅ ወይ ለቅሶ ሲቀመጡ ነው፤ ቤት የሚለቅ ደግሞ አልነበረም። ከመደቡ ላይ ጋቢውን እየጎተተ ወደ ግቢው ብቅ ቢል፣ ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው በግንድና በድንጋይ ላይ ተኮልኩለዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ በመካከላቸው አክስቱ እትዬ ተናኘወርቅ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ዐይናቸውን የግቢው በር ላይ ተክለው፣ ምንም አይሉም። ድንኳን የለም፣ እሪ የሚል የለም። ጊዜው ግንቦት 1931 ነው፤ ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤ ሰው ሲያለቅስ እንኳ ድምፁን ለክቶ ነው የሚያወጣው።

ፈቃደ ጎረቤታቸውን ሀረገወይንን ጠጋ ብሎ ማን እንደሞተ ጠየቃት። አንገቱን አቅፋ ጆሮው ላይ "ወንድምህ ደጉ" አለችው።

ደጉ የእትዬ ተናኘወርቅ አንድ ልጅ ነው። እሱና ፈቃደ ባንድ ጋቢ ተኝተው፣ ካንድ ገበታ በልተው ያደጉ ናቸው። ጣሊያን በገባ በሳምንቱ ደጉ የሟች አባቱን ጠመንጃ ከጣራው ክዳን ውስጥ መዝዞ ወደ ከሰም በረሃ ከወረደ ወዲህ፣ አለ ወይም ሞተ የሚል አንድ ሰው አልመጣም። ስለዚህ ፈቃደ ማስረጃ አልጠየቀም፤ አለቀሰ። ግንባሩን ከግድግዳው ጋር እያጋጨ ምርጊቱ እስኪረግፍ አለቀሰ። ደግፈው አስቀመጡት፣ በጣሳ ውሃ ሰጡት፣ ግማሹን ጠጣ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ልቡ መለስ ሲልለት፣ አፍንጫውን በጋቢው እየጠረገ፣ አጠገቡ የተቀመጡትን ባሻ ኦልጅራን መርዶውን ማን እንዳመጣው ጠየቃቸው። ባሻ ኦልጅራ ከማይጨው አንድ እግራቸውን እየጎተቱ የተመለሱ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ቶሎ የሚገርማቸው ሰው አይደሉም። ያን ጊዜ ግን ገርሟቸው አዩት።

"አንተው ነህ እንጂ" አሉት። "ባለፈው እሁድ፤ በመጽሐፍህ።"

መጽሐፍ ያሉት ነገር መጽሐፍ ለመባል ብዙ ይቀረዋል። ፈቃደ በጣሊያን መንገድ ሥራ ሲሚንቶ ይሸከማል፤ ባዶውን ከረጢት እያራገፈ ውስጠኛውን ወረቀት ገንጥሎ ያመጣል፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ሁመድ በሱሪ ክር ይጠርዝለታል። ትምህርቱ ዳዊት ላይ ቆሟል። መሪጌታ ወልደአማኑኤል ሌሊት ጅብ ጋልበው ወደ ተክለ ሃይማኖት ሲወርዱ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ ብሎ ለተማሪው ሁሉ ስላወራ፣ መሪጌታ ጆሮውን ይዘው ከደጃፋቸው ያወጡት ያኔ ነው። መዋሸትን ግን ማንም ሳያስተምረው ያውቅበታል። እናም በዚያ ቡናማ ወረቀት ላይ ነበልባሉ የሚባል አርበኛ ፈጠረ። ነበልባሉ መትረየስ እንደ ምርኩዝ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል፤ ባንድ ጥይት ሦስት ጣሊያን ይጥላል፣ አራተኛው በድንጋጤ ይሞታል፤ አውሮፕላን በወንጭፍ አውርዶ ክንፉን ለጎጆው ክዳን ያደርገዋል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ተናኘወርቅ ቤት በሩ ይዘጋል፤ ሀረገወይን ደጃፉ ላይ ልብስ የምታጥብ መስላ፣ ባንድ ጆሮዋ ወደ ውስጥ ባንድ ዐይኗ ወደ መንገድ ትሆናለች፤ ፈቃደም የሳምንቱን ምዕራፍ ያነባል።

አድማጮቹ ዝም ብለው የሚሰሙ አልነበሩም። ባሻ ኦልጅራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በነበልባሉ አልረኩም። መትረየስ አንዱ እግሩን፣ አንዱ አካሉን፣ አንዱ ጥይቱን ይዞ ለሦስት ነው የሚጓዘው አሉ። ነበልባሉ ከጥድ ጀርባ ተሸሽጎ ሲተኩስ ደግሞ ከመደቡ ተነሡ፤ እኔ ከሰም በረሃ ሁለት ዓመት ኬላ ጠብቄያለሁ፣ ግራርና እሾህ እንጂ ጥድም ዝግባም ወይራም አይበቅልበት፣ ዛፉን ቁረጥልኝ ብለው ፈቃደን እዚያው በከሰል አሰረዙት። መሪጌታ በሁዳዴ የተበላችውን የፍየል ጥብስ አልወደዱም፤ በእርሳቸው ምክር ጥብሱ ሽምብራ ሆነ። ሀረገወይን ይሄ ሁሉ ጀግና ሚስት አጣ ወይ እያለች ከደጅ በበሩ ቀዳዳ ትጠይቃለች። ሁመድ ሲጠርዝ እያነበበ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተዋጋ ሸሚዙ አንድ ቀን እንዴት አይቀደድም ሲል ሰው ልኮ ጠየቀ። ሁሉም የተስማሙበት አስተያየት ግን አንድ ነበር፤ እሱንም የተናገሩት ባሻ ናቸው። "ይሄን ሰው ጥይት አያገኘውም። እኔ ስሰማህ ልቤ አይመታም፤ እንደማይሞት አውቃለሁ።" እውነት ነው፣ እውነት ነው ተባለ። ጥግ ላይ እንዝርታቸውን የሚያሾሩት እትዬ ተናኘወርቅ ብቻ፣ አንድም ቀን አስተያየት ሰጥተው አያውቁም። ፈቃደ የሚሰሙትም አይመስለው።

ፈቃደ አድማጩ ከሚከፋ ራሱ ቢከፋ የሚመርጥ ሰው ነው። ባለፈው እሁድ ባሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ነበልባሉን ከሰም ወንዝ መሻገሪያ ላይ በግራ ጡቱ በኩል አስመታው። ነበልባሉ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ አንዴ አፏጨ፣ ወደቀ።  መሪጌታ አማተቡ፤ ሀረገወይን ልብሱን ውሃ ውስጥ ትታ ገባች፤ ባሻ ኦልጅራ ጉሮሯቸውን ጠርገው "አሁን ገና መጽሐፍ ሆነ" አሉ። ፈቃደ በማግስቱ ወደ አቃቂ ወደ ሥራው ሲሄድ እግሩ መሬት አልነካም፤ እዚያው የሠራተኛ ሰፈር እያደረ ሳምንቱን ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል ሲያኝካት ሰነበተ፤ ቅዳሜ ማታ ደክሞት ገብቶ ማንንም ሳያነጋግር ተኛ።

ያላሰበበት ነገር ነበልባሉ ግራኝ መሆኑን ነው። የፊት ጥርሱ የገና ዱላ መትቶት የተሸረፈ ነው፤ ከመተኮሱ በፊት አንዴ ያፏጫል። እነዚህ ሁሉ የደጉ ናቸው። ፈቃደ ጀግና ሲፈጥር ሌላ ጀግና ስላላወቀ በእጁ ካለው ቆርሶ ሰጠው። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ከየት አመጣኸው ብለው ሲጠይቁት ከራሴ ነው ማለት ወግ የሚያሳጣው እየመሰለው፣ ዐይኑን ጥቅስ አድርጎ "ወፍ ነገረችኝ" ይል ነበር። የበረሃ ወሬ በለማኝ ዜማና በከሰል ጭነት ውስጥ ተደብቆ በሚገባበት ዘመን፣ ያ ጥቅሻ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አልተሰወረም። ደግሞም በዚህ አገር ሞትን ፊት ለፊት የሚናገር የለም። መርዶ ነጋሪ ትንሽ አሞታል፣ ሐኪም ቤት ገብቷል እያለ ዙሪያውን ይዞራል፤ ሰሚው ራሱ እስኪደርስበት ይጠብቃል። እትዬ ተናኘወርቅ ሰኞ ዕለት ደብተሩን በነጠላቸው ሸሽገው መሪጌታ ዘንድ ሄዱ፤ የሞቱን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አስነበቡ። መሪጌታ ከባሻ ጋር መከሩ። ልጁ ለአክስቱ ፊት ለፊት መናገር ቢከብደው በተረት ጠቅልሎ አረዳ፣ አሳዳጊ አልበደለውም ተባባሉ። ሳምንቱን ጠብቀው፣ እሱ በገባ ማግስት፣ እንደ ወጉ ሽማግሌ ሆነው ጎሕ ሲቀድ መጥተው አረዱ።

ፈቃደ ይህን ሁሉ ከባሻ አፍ ሰምቶ ሲጨርስ፣ ግንባሩ ላይ ያበጠው ገና ይጠዘጥዘው ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያለቀሰው ራሱ ለገደለው ሰው ነው። ሮጦ መሪጌታ እግር ሥር ተንበረከከ፤ ፈጠራ እንደሆነ፣ ከጭንቅላቱ እንዳወጣው፣ በእመቤታችን በልደታ ማለ።

መሪጌታ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አውቃለሁ ልጄ" አሉት፣ የግቢውን በር በጎን እያዩ። "እንዲህ ማለት አለብህ። ሌላ ሰው ቢጠይቅህም እንዲሁ በል።"

"የኔታ፣ ውሸቴን ነው እኮ የምልዎት።"

"በጅቡ ጊዜ እንዲህ ብትል ኖሮ ዳዊት ትጨርስ ነበር" አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ወደ ባሻ ሄደ፤ ባሻም እንዲሁ። በማለ ቁጥር ጥንቃቄውን እያደነቁ አጠገባቸው ላሉት በዐይን ያመላክቱ ጀመር። ይባስ ብሎ ንፍሮው ዞሮ ሰዉ እጁን መሙላት ሲጀምር፣ ባቄላ ጣሳው ስንት ሊሬ እንደገባ ከተወራ በኋላ፣ ወሬው ሳይታወቅ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። ከተክለ ሃይማኖት የመጡ ለቀስተኞች አሟሟቱን በሹክሹክታ ይጠይቃሉ፣ ባሻ ይተርካሉ። መትረየሱን ለብቻው አልተሸከመም፣ ያ ለማሳመር የገባ ነው ይላሉ፤ አውሮፕላኑ የልጁ ቀልድ ነው፤ ጥዱም ስህተት ነው፣ አስወጥቼዋለሁ ይላሉ። ፈቃደ ከጎን ሆኖ ይሰማል። ውሸቱን ሁሉ አንድ በአንድ ለቅመው ጥለው፣ ሞቱን ብቻ እውነት ብለው አስቀርተዋል።

ሴቶቹ ደግሞ የደጉን ስም ጠርተው ማልቀስ አይችሉም። ልጁ በረሃ የገባ ቤት ምን እንደሚደርስበት ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ስለዚህ የሞተው ከገጠር የመጣ ዘመድ ነው፣ ስሙ ነበልባሉ ነው ተብሎ ተነገረ። ሀረገወይን ዜማ ታውቃለች፤ ለዘብ አድርጋ፣ ከግቢው እንዳያልፍ አድርጋ አወጣችው፤

ከሰም ሞላ አሉኝ ማን ያሻግረኛል፣
ነበልባሉ ጠፍቶ ብርዱ ይበላኛል።

ሴቶቹ እየተቀባበሉ ደረታቸውን መቱ። በሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተወለደ ሰው እንዲህ ሲለቀስለት ፈቃደ ሰማ። ሌላ ቀን ቢሆን በየጠጅ ቤቱ እየዞረ የሚያወራው፣ ሳቁን መያዝ የሚያቅተው ነገር ነበር። አክስቱ ግን አላለቀሱም። ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ዐይናቸው ከግቢው በር አልተነቀለም፤ ንፍሮ ሲሰጧቸው በመዳፋቸው ይዘው ይቀራሉ። ፈቃደ ከእንግዲህ ሽማግሌዎቹን ትቶ ለእሳቸው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ሊናገር ቆረጠ። ፊታቸው ተንበረከከ። "እትዬ፣ ደጉ" ብሎ አፉን እንደከፈተ የግቢው በር ተንቋቋ፤ የሰፈሩ ሹም ገባ።

ጣሊያን የሾመው ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ከወንዶቹ መሀል ቦታ ያዘ። ነፍስ ይማር አለ። ንፍሮ ቀረበለት። ሁለት ሦስት ፍሬ ቆርጠም አድርጎ፣ ተንበርክኮ የቀረውን ፈቃደን እያየ፣ የሞተው ማነው ሲል ጠየቀ።  የሁሉም ዐይን ፈቃደ ላይ ወደቀ። ማንም አልሞተም፣ ተረት ነው ቢል፣ የታለ ተረቱ መባሉ ነው፤ ደብተሩ ደግሞ እዚያው መደብ ሥር ነው፣ እስካሁን አንድ መቶ አርባ ጣሊያን አልቆበታል። ደጉ አልሞተም ቢል፣ ታዲያ የታለ ደጉ መባሉ ነው።

"ነበልባሉ ይባላል" አለ ፈቃደ። "የአጎቴ ልጅ ነው። ወባ ገደለው።"

ሹሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ቆላ ክፉ ነው አለ፤ ሁለተኛ እፍኝ ንፍሮ ተቀብሎ ተነሣ። እሱ ከወጣ በኋላ እትዬ ተናኘወርቅ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይናቸውን ከበሩ ነቅለው ፈቃደን አዩት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ጠመንጃ ያዥ ወረደ። የሁመድ ሱቅ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ናት፤ ያልተወሰዱ ኮቶች ከጣራው ተንጠልጥለው የገባውን ሁሉ በእጅጌያቸው ፊቱን ይዳስሱታል። ፈቃደ ከመቀመጫው ሥር ካለው ቅዳጅ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ፣ እርሳሱን በምላሱ እያራሰ፣ ሃያኛውን ምዕራፍ ጻፈ። ጥይቱ ደረቱ ላይ ያለውን የብር መስቀል ነው የመታው፤ ነበልባሉ በሦስተኛው ቀን ተነሣ፤ አንድ እረኛ ወተት አጠጣው። የጻፈውን ለሁመድ ሰጠው። ሁመድ የስፌት መኪናውን መርገጫ አቁሞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አቅርቦ ቀስ ብሎ አነበበው።

ሲጨርስ አጥፎ መለሰለት። "ሞቱን ስትጽፍ እጅህ አልተንቀጠቀጠም" አለው። "ይሄኛው ተንቀጥቅጧል። ውሸት ይመስላል።"

"ሁለቱም ውሸት ናቸው እኮ፣ ጋሼ ሁመድ።"

"እሱን እኔና አንተ ነን የምናውቀው። አክስትህ ስትሰማው ምን ትላለች? ሊያጽናናኝ ነው ትላለች። ለቅሶ ቤት ሁሉም ሰው የሚያመጣው ይሄንኑ ነው።" ቢሆንም ክሩን ሰክቶ ጠረዘለት፤ ሸሚዙም አሁን መቀደዱን አስተዋልኩ ብሎ፣ ደግ አደረግህ አለው።

ፈቃደ ወደ ልደታ ሲመለስ ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ጣራ በታች ወርዳለች። ለቀስተኛው ተበትኗል፤ ግቢው ውስጥ የቀሩት እትዬ ተናኘወርቅ፣ መሪጌታ፣ ሀረገወይንና እግራቸውን ዘርግተው የተቀመጡት ባሻ ኦልጅራ ናቸው። የሚሰማ ባዕድ አልነበረም። ከአክስቱ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። ጥርሱን፣ ግራኝነቱን፣ ፉጨቱን ከደጉ እንደወሰደ፤ ወፍ የሚባል እንዳልነበረ፤ ሰዉ ልባችን አይመታም ስላለው፣ ልባቸውን ለማስመታት ብሎ እንደገደለው። ሲናገር ወደ መሬቱ ነው የሚያየው። ጨርሶ ቀና ሲል መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሀረገወይን እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

እትዬ ተናኘወርቅ በመዳፋቸው የያዙትን ንፍሮ አስቀመጡ። ድምፃቸው ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ባለመናገር ሻክሯል።

"ታዲያ አለ ነው የምትለኝ?"

ፈቃደ አፉን ከፈተ። ሃያኛው ምዕራፍ ብብቱ ውስጥ ነው፤ መስቀሉም፣ እረኛውም፣ ወተቱም እዚያ አሉ። አንዱም ከአፉ አልወጣም።

"አላውቅም፣ እትዬ።"

"አታውቅም" አሉ፤ ለመቆጣት አይደለም። "እኔም አላውቅም። ሦስት ዓመት በሩን ሳልቀረቅር ነው የተኛሁት። ድመት በረገጠችው ቁጥር እነሣለሁ። ካለ፣ ሲመጣ ይቆጣኛል፤ እግሩን እስማለሁ። ከሌለ ግን፣ ልጄ፣ ሳላለቅስለት አልቅር።"

ቀስ ብለው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። እንዝርቱን የሚያሾሩ ይመስል ጣቶቻቸውን ባዶውን አሻሹ፤ ከዚያ፣ በአሥራ ዘጠኝ እሁድ አንድ ቃል ያልተነፈሱት ሴትዮ፣ ስለ መጽሐፉ አስተያየት ሰጡ።

"አቀባበሩን አልጻፍኸውም። ወደቀ ብለህ ተውኸው። ማን አነሣው? የት ተቀበረ? እሱን ስጠብቅ ነበር።"

ባሻ ዐይናቸውን ጣሉበት፤ መሪጌታም የጨፈኑትን ገለጡ።  ፈቃደ ቀኑን ሙሉ እውነት ሲናገር ውሎ አንድ ሰው አልጠቀመም፤ እንግዲህ የቀረው በእጁ ያለው ነገር ብቻ ነው።

"ጓደኞቹ ናቸው ያነሡት" አለ። "በአልጋ ተሸክመው፣ ወንዙን ተሻግረው። ከማዶ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የጊዮርጊስ። ቄስ ነበረ፣ ፍትሐትም ተደርጎለታል።"

"ሜዳ ላይ ነው? ፀሐይ ነው?"

"አይደለም፣ እትዬ። ዛፍ አለው። ትልቅ ወይራ።"

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ አወቀው። ባሻ ኦልጅራ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሁለት ዓመት ኬላ የጠበቁበት በረሃ ነው፤ ለአንዲት ጥድ ከመደቡ የተነሡ ሰው ናቸው። እትዬ ተናኘወርቅም ይህን አይረሱትም፤ ጥጋቸው ሆነው ሰምተውታል። ፊታቸውን ወደ ባሻ መልሰው ጠበቁ። ባሻ የማይታዘዘውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ራሳቸው ሰበሰቡት፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አለ" አሉ። "እኔም አውቀዋለሁ። ኬላ ስንጠብቅ እሱ ሥር ነበር የምናርፈው። ጥላው ሰፊ ነው።"

ያን ጊዜ እትዬ ተናኘወርቅ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና አለቀሱ።